መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ፦ የመድረክ ዘፈን ብርታት ለምን ይሰነብታል?

ቱሉ ዲምቱ የሚለው የኦሮምኛ ስም «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በሚነሣበት የከተማዋ ደቡባዊ ጠርዝ የሚገኘው ይህ ሰፈር ዛሬ ለብዙዎች የሚታወቀው በኮረብታው ሳይሆን በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎቹ ነው። ከተለያዩ የመሃል ከተማ ሰፈሮች ዕጣ ደርሷቸው ወይም ቤት ተከራይተው የመጡ ሰዎች በአንድ ደረጃ ይወጣሉ፤ በአንድ ግቢ ልብስ ያሰጣሉ። ቤታቸው እዚህ ይሁን እንጂ የብዙዎቹ ሥራ፣ ገበያና መዝናኛ አሁንም መሃል ከተማ ነው። ነባሮቹ ቴአትር ቤቶችም እንዲሁ፤ ሀገር ፍቅር አራዳ፣ ብሔራዊ ቴአትር ለገሀር አጠገብ፣ የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ፒያሳ፣ ራስ ቴአትር መርካቶ አካባቢ ናቸው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሙዚቃዊ ትርኢት ለማየት መሃል ከተማ የወጣ የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ መጋረጃው ሲዘጋ ከፊቱ ሰልፍ፣ ታክሲና ረጅም መንገድ ይጠብቁታል።

ትኬቱ ላይ ያልተጻፈው የትርኢቱ ክፍል የሚጀምረው በዚህ መንገድ ላይ ነው። ታክሲው ቃሊቲ ላይ በመኪና መዓት ተይዞ ሲቆም ከአንድ ሰዓት በፊት የተሰማ አዝማች ማንም ሳይጠራው ይመለሳል። ተመልካቹ ዝም ብሎ ቢቀመጥም እግሩ ምቱን ይዟል። ከዜማው ጋር አብሮ የሚመጣ፣ ድካምን ቀለል የሚያደርግ አንድ የመንፈስ መነቃቃት አለ። በማግስቱ ጠዋት ፊት ሲታጠቡ፣ ከዚያም ሥራ ቦታ ወረቀት ሲያገላብጡ ይኸው ስሜት ሊደገም ይችላል። ይህ ብርታት ከየት ይመጣል? ለምንስ አንዳንዱ በሁለት ቀን ሲተን ሌላው ዓመታት ይቆያል? የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ የመድረክ ዘፈን የሚተወው ብርታት ዕድሜው የሚወሰነው በዜማው ውበት ብቻ አይደለም፤ ከአዳራሹ ውጭ ዜማውን ተቀብሎ የሚመልስ ሰው በመኖር ወይም ባለመኖሩም ነው። ይህ እውነት ከሆነ የቴአትር ቤት ጥቅም በተሸጠ ትኬት ብቻ ሊለካ አይችልም፤ ቴአትር ቤት የሌለው ሰፈር የሚያጣውም ከመዝናኛ የሰፋ ነገር ነው።

አፍና ጆሮ

ጀርመኖች ይህን ክስተት «ኦርቩርም»፣ ማለትም የጆሮ ትል፣ ይሉታል፤ እንግሊዝኛም ቃሉን እንዳለ ተርጉሞ ወስዶታል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች «ያለ ፈቃድ የሚመጣ የሙዚቃ ምናብ» የሚል ረዘም ያለ ስያሜ ይጠቀማሉ። አማርኛ ተናጋሪው ግን «ዘፈኑ አፌ ላይ ገባ» ይላል። ልዩነቱ የአነጋገር ብቻ አይመስልም። ትሉ በጆሮ ውስጥ የተዘጋ፣ ባለቤቱን ብቻ የሚያስቸግር እንግዳ ነው። አፍ ላይ የገባ ዜማ ግን ለመውጣት አንድ እርምጃ የቀረው፣ አጠገብ ያለ ሰው ሊሰማውና ሊቀበለው የሚችል ነው። የአማርኛው አነጋገር ክስተቱን ከግለሰብ አእምሮ ወደ ማኅበራዊ ግንኙነት ያቀርበዋል፤ የሳይንሱ ጥናቶች ደግሞ በአብዛኛው የሚያተኩሩት በግለሰቡ ላይ ነው።

ጥናቶቹ የሚነግሩን ብዙ ነገር አለ። በፊንላንድ ላሲ ሊካነን ከ12,000 በላይ የኢንተርኔት ተጠቃሚዎችን ባሳተፈ መጠይቅ፣ ከ10 ሰዎች 9ኙ ያህል ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ያልጠሩት ዜማ በአእምሯቸው እንደሚመላለስ ገልጸዋል። ቪክቶሪያ ዊልያምሰንና ባልደረቦቿ ዜማው የሚቀሰቀስባቸውን ምክንያቶች ሲመድቡ፣ ዘፈኑን በቅርብ መስማትና ደጋግሞ መስማት ከዋናዎቹ መካከል ተገኝተዋል፤ ሰውን፣ ቦታን ወይም ሁኔታን የሚያስታውስ ምልክትም እንዲሁ ዜማ ይጠራል። በ2017 (እ.አ.አ.) ኬሊ ጃኩቦውስኪና ባልደረቦቿ 3,000 ያህል ሰዎች የሰጡትን መልስ መሠረት አድርገው ባሳተሙት ጥናት፣ በአእምሮ የሚቀሩ ዘፈኖች ፈጠን ያለ ምት እንዳላቸው፣ የዜማቸው አጠቃላይ አካሄድ የተለመደ እንደሆነ፣ ነገር ግን በውስጡ ያልተጠበቀ ዝላይ ወይም ድግግሞሽ እንደሚገኝ አመልክተዋል። የሚታወቅ ቅርጽና አንድ የሚያስደንቅ ነገር ተጣምረው መገኘታቸው ነው ቁም ነገሩ።

ለቱሉ ዲምቱ መንገደኛ በተለይ የሚቀርበው የአይራ ሃይማን ጥናት ነው። እርሱና ባልደረቦቹ በ2013 (እ.አ.አ.) እንዳሳዩት ዜማ ሳይጠራ የሚገባው አእምሮ ሥራ ሲያጣ ወይም ሥራው ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት ነው። መጠነኛ ትኩረት የሚጠይቅ ሥራ ዜማውን ያርቃል፤ መንከራተት የጀመረ ሐሳብ ግን በሩን ይከፍትለታል። እንግዲህ በተጨናነቀ መንገድ ላይ በታክሲ ተቀምጦ መጠበቅን የመሰለ ለዜማ የተመቻቸ ሁኔታ ማግኘት ያስቸግራል። የከተማዋ መስፋት ያስከተለው ረጅም የመንገድ ሰዓት፣ ሌላው ጉዳቱ እንዳለ ሆኖ፣ የትርኢቱ ጅራት የሚረዝምበት ሰዓት ነው።

እነዚህን ግኝቶች ግን እንዳሉ ወደ ኢትዮጵያ መድረክ ማምጣት ጥንቃቄ ይሻል። አብዛኞቹ የተሠሩት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የመዝሙር ስልት ባደጉ ሰዎች ላይ ነው። የእኛ የመድረክ ዘፈኖች በብዛት የቆሙት በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ባለአምስት ድምፅ ቅኝቶች ላይ ሲሆን ምታቸውም ብዙ ጊዜ ሙዚቀኞች ችክችካ በሚሉት ስልት ይሄዳል። አንቺሆዬን ከልጅነቱ የሰማ ሰው «ያልተጠበቀ ዝላይ» የሚለው ነገር ለንደን ያደገ ሰው ከሚለው ጋር አንድ ሊሆን አይችልም። የተለመደና ያልተለመደ የሚባለው ከአድማጩ ባህል ተለይቶ የሚቆም መለኪያ አይደለም።

መጠበቅ የሚፈጥረው ደስታ

ዜማው መመለሱ አንድ ነገር ነው፤ ሲመለስ መንፈስን ማንሣቱ ሌላ ነው። በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ቫሎሪ ሳሊምፑርና ባልደረቦቿ በ2011 (እ.አ.አ.) ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች በጣም የሚወዱትን ሙዚቃ ሲሰሙ አንጎላቸው ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር እንደሚያመነጭ አረጋግጠዋል። ከግኝቱ ይበልጥ የሚያስገርመው ጊዜው ነው። የስሜቱ ጫፍ ላይ ሲደረስ አንዱ የአንጎል ክፍል፣ ኑክሊየስ አኩምበንስ፣ ሲሠራ፣ ጫፉ ከመድረሱ ጥቂት ሰከንዶች በፊት ደግሞ ኮዴት የተባለው ሌላ ክፍል ይሠራል። ይህም ማለት አድማጩ የሚደሰተው የሚወደው ቦታ ሲደርስ ብቻ ሳይሆን ሊደርስ መሆኑን ሲያውቅም ነው።

አዝማች የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። አቀንቃኙ ግጥሙን ሲያወርድ ተቀባዩ ሕዝብ የሚመጣውን ያውቃል፤ ከመምጣቱ በፊት እጁ ለጭብጨባ ተነሥቷል። በነገራችን ላይ አዝማች የሚለው ቃል የጦር መሪን ማዕረግ በሚገልጹት በደጃዝማችና በፊታውራሪ ዘመን ሰው ጆሮ ምን ያሰማ እንደነበር ማሰብ አይከፋም፤ በቃሉ ውስጥ ዘመቻ አለ። የዘፈን አዝማች ሰውን ከመቀመጫው አስነሥቶ ከራሱ ጋር ያዘምታል።

ድግግሞሽ በራሱ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ኤልዛቤት ማርጉሊስ በ2013 (እ.አ.አ.) ባልተለመደ መንገድ ፈትሻለች። ሉቺያኖ ቤሪዮና ኤልየት ካርተር ድግግሞሽን ሆን ብለው የሚሸሹ የ20ኛው ክፍለ ዘመን አቀናባሪዎች ናቸው። ማርጉሊስ ከሥራዎቻቸው የተወሰዱ ክፍሎችን በኮምፒዩተር እየቆረጠች አንዳንዱ ሐረግ እንዲደገም አደረገች። አድማጮች የተደገመበትን ቅጂ ይበልጥ አስደሳችና ሳቢ፣ እንዲያውም በሰው የተደረሰ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው አሉ። ታላላቅ ደራሲያን በጥንቃቄ የሠሩት ሥራ በተራ ቆርጦ መቀጠል «ተሻሻለ» ማለት ነው!

ይህን ማርጉሊስ ከመፈተሿ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ሥርዓት አድርገውታል። በማኅሌት አንድ ዜማ መጀመሪያ በቁም፣ ያለ ከበሮ፣ ይባላል። ከዚያ በመቋሚያ እንቅስቃሴ በዝማሜ ይደገማል፤ ከበሮው ገብቶ በመረግድ ይቀጥላል፤ በመጨረሻም በጽፋት ይፈጥናል፣ ጭብጨባው ይደምቃል። ቃሉ ያው ነው፤ የሰውነት ተሳትፎ ግን ደረጃ በደረጃ ይጨምራል። በምዕራቡ ዓለም ሙዚቃዊ ቴአትር ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው በመጀመሪያው ክፍል የተሰማውን ዘፈን በሁለተኛው ክፍል፣ ነገሩ ከተለወጠ በኋላ፣ መልሶ ማምጣት ነው። ከ1943ቱ «ኦክላሆማ!» ወዲህ የሮጀርስና የሃመርስታይን ትውልድ ይህን ዘዴ እንደ ደንብ ተጠቅሞበታል፤ ተመልካቹ ከአዳራሹ ሲወጣ ዜማውን ሦስትና አራት ጊዜ ሰምቶታል። በኢትዮጵያ መድረክ ግን ዋናው ድግግሞሽ የተከናወነው ከአዳራሹ ውጭ ነው ማለት ይቻላል፤ የሚከተለው ታሪክም ይህን ያሳያል።

ከአዳራሽ የወጡ ዘፈኖች

ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ጎጃም፣ ደብረ ኤልያስ፣ ተወልደው በቅኔ ትምህርት ያደጉ ሊቅ ነበሩ። አዲስ አበባ መጥተው በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ ተውኔቶቻቸውን ለመድረክ ያበቁት በተማሪዎቻቸው ነው። በተውኔቶቹ ውስጥ ዘፈንና መዝሙር ጌጥ አልነበረም፤ የነገሩ አካል ነበር። የአፈጻጸሙን ነገር በትኩረት ማየት ያስፈልጋል፤ ዘማሪዎቹ ሲመሽ ወደየሰፈራቸው የሚመለሱ ልጆች ናቸው። የተማሩትን ዜማ ቤታቸው ይዘው ይገባሉ፣ ታናናሾቻቸው ይሰማሉ፣ ሰፈሩ ይቀበላል። ድምፅ ማጉያም ሆነ ካሴት ባልነበረበት ዘመን የስርጭት መረቡ የተማሪ አፍ ነበር። ዮፍታሔ በ1939 ዓ.ም. ሲያርፉ በተውኔት ውስጥ ዘፈንን የማስገባት ልማድ ለተከታዮቻቸው ቀርቷል።

ሁለተኛው ምዕራፍ ይበልጥ አስቸኳይ ምክንያት ነበረው። በ1927 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ድንበር ላይ እየተከማቸ ሳለ፣ በመኰንን ሀብተ ወልድ አነሣሽነት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። በምኒልክ አደባባይ ለተሰበሰበው ሕዝብ ንግግር፣ ፉከራና ዘፈን ይቀርብ ነበር። ወረራው የተጀመረው ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ንግግር ብቻውን ለምን አልበቃም? ንግግር ሰሚውን በቦታው ያሳምነዋል፤ ወደ ቤቱ ሲሄድ ግን ቃል በቃል ይዞት ሊሄድ አይችልም። ዘፈን ተሸካሚውን ራሱ ያገኛል። መሥራቾቹ ነገሩን በዚህ ቃል አስቀመጡትም አላስቀመጡት፣ የተመረጠው መሣሪያ ከአደባባዩ ወጥቶ የሚሰነብት ብርታት ነበር።

ከነጻነት በኋላ ሀገር ፍቅር ቴአትር ቤት ሆኖ ሲቀጥል የዝግጅቱ አቀራረብ ተውኔትና ሙዚቃን ጎን ለጎን ያስኬድ ነበር። ኢዮኤል ዮሐንስን የመሳሰሉ ሰዎች ተውኔትም ዘፈንም ይደርሱ ነበር፤ አስናቀች ወርቁ ክራር ደርዳሪም ተዋናይም ነበረች። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ነርሲስ ናልባንዲያን በመሩት የሙዚቃ ሥራ ባህላዊውን ዜማ ከዘመናዊ የሙዚቃ መሣሪያዎች ጋር አገናኘ። ሬዲዮ ደግሞ የመድረክ ድምፃውያኑን ሥራ አዳራሹን አይቶት ለማያውቅ ሰው አደረሰ። በዚህ ጊዜ የነበረው ሰንሰለት ሦስት ቀለበት አለው፦ መድረኩ ይወልዳል፣ ሬዲዮው ያዛምታል፣ ሰፈሩ ይመልሳል። ሦስተኛው ቀለበት ብዙ ጊዜ ከታሪክ ጽሑፎቻችን ይቀራል፤ ምክንያቱም ሰነድ አይተውም። በሠርግ ቤት ድንኳን ውስጥ የተደገመ የመድረክ ዘፈን በየትኛውም መዝገብ አልሰፈረም።

በ1980 ዓ.ም. ከተለያዩ ቴአትር ቤቶች ተውጣጥቶ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የተጓዘው «ሕዝብ ለሕዝብ» የኪነት ቡድን የዚሁ ሰንሰለት የኋለኛ ምሳሌ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ለተደረገው እርዳታ ምስጋና ለማቅረብ ታስቦ የተዘጋጀው ትርኢት የልዩ ልዩ ብሔረሰቦችን ዘፈንና ውዝዋዜ በአንድ ያልተቋረጠ መድረክ ላይ አስኬደ። ትርኢቱን በአካል ካየው ይልቅ በቴሌቪዥንና በቪዲዮ ካሴት ያየው ሰው ይበዛል። ያም ሆኖ ከዚያ ዘመን ሰዎች ጋር ሲጨዋወቱ አንዱ ዜማ ሲነሣ ሌላው ውዝዋዜውን በትከሻው ማስከተሉ የተለመደ ነው። ጥያቄው ይህ ነው፦ የሚመለሰው ዜማው ነው ወይስ አብሮ የታየው መድረክ?

ቤንጃሚን ኩቢትና ፒተር ጃናታ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ያካሄዱት ጥናት ለዚህ መልስ ይጠቁማል። ተሳታፊዎች አዳዲስ አጫጭር ዜማዎችን ለመዱ፤ ቀጥሎ ዜማዎቹ ከማያውቋቸው የፊልም ቁራጮች ጋር ተጣምረው ቀረቡላቸው። በቀጣዮቹ ቀናት ዜማው በአእምሯቸው ይበልጥ የተመላለሰባቸው ሰዎች የፊልሙን ዝርዝርም ይበልጥ አስታወሱ። አፍ ላይ የገባ ዜማ ባዶ ጩኸት አይደለም ማለት ነው፤ ሲመላለስ አብሮት የነበረውን ትዕይንት ያድሳል። በመድረክ ዘፈን ይህ ትዕይንት የተዋናዩን ፊት፣ የመብራቱን ቀለም፣ አጠገብ የተቀመጠውን ሰው ሳቅ ጭምር ይይዛል። ከስልክ ላይ ብቻ የተሰማ ዘፈን የሚያድሰው ምን ዓይነት ትዕይንት ነው? ምናልባት የታክሲውን መስኮት።

ብርታትና ስምምነት አንድ አይደሉም

እስካሁን የተባለው ሁሉ የመድረክ ዘፈንን እንደ በጎ ኃይል ብቻ ካስመሰለ የጎደለ ነገር አለ። በደርግ ዘመን በየቀበሌው፣ በየፋብሪካውና በየትምህርት ቤቱ የኪነት ቡድኖች ተቋቁመው ነበር። አዝማቾቻቸው አጭር፣ ምታቸው የሰልፍ፣ ድግግሞሻቸው የማያባራ ነበር። ዘፈኖቹ የሥርዓቱን መልእክት ያዘሉ ስለነበሩ በእነርሱ መደሰት ለብዙዎች የተወሳሰበ ስሜት አለው። በዚያ ሥርዓት ቤተሰቡን ያጣ ሰው እንኳ ዜማው ሳይታሰብ ሲመጣበት ጉልበቱ ሲቀሰቀስ፣ ወዲያውም ቅሬታ ሲከተለው ሊያገኘው ይችላል። ዶፓሚኑ ግጥሙን አንብቦ አይፈርምም።

ይህ ለጥናቱ ትልቅ ትርጉም አለው። የሮበርት ዛዮንክ የ1968ቱ (እ.አ.አ.) ጥናት እንዳሳየው አንድን ነገር መላልሶ ማየት ወይም መስማት ብቻውን ወደ መውደድ ያደርሳል። በኋላ የመጡ ጥናቶች ደግሞ ድግግሞሹ ከልክ ሲያልፍ መውደዱ ወደ መሰልቸት እንደሚዞር አመልክተዋል። እንግዲያው ማስታወቂያ ሲሰለች አሮጌ የመድረክ ዘፈን ለምን አይሰለችም? አንዱ ምክንያት የድግግሞሹ ባለቤት ማን መሆኑ ይመስላል። ማስታወቂያው በጊዜ ሰሌዳ ይመጣል፤ የመድረኩ ዘፈን ግን አንድ ሰው ሲያነሣው፣ ሌላው ሲቀበለው ይመጣል። የቀበሌ ኪነት ዘፈኖች ከሁለቱ መካከል ናቸው፤ በትእዛዝ ተደገሙ፣ ነገር ግን በሰው አፍ። ስለዚህ ተዉት የማይባል ዜማና የማይወደድ ትዝታ ሆነው ቀሩ። ተመራማሪ «ዘፈኑ አሁንም ይመጣብዎታል?» ብሎ የሚጠይቀውን «ሲመጣ ደስ ይልዎታል?» ከሚለው፣ ይህንንም «ዘፈኑ በሚለው ይስማማሉ?» ከሚለው ለይቶ መያዝ አለበት።

ቱሉ ዲምቱ እንደ መመርመሪያ ቦታ

የጋራ መኖሪያ ሰፈር ሦስተኛውን ቀለበት፣ የሰፈሩን መመለስ፣ በአዲስ ሁኔታ ያቀርበዋል። ነዋሪዎቹ ተመሳሳይ የልጅነት ሰፈር የላቸውም፤ አንዱ የሚያነሣውን ዜማ ጎረቤቱ ላያውቀው ይችላል። በአንጻሩ በግድግዳና በደረጃ በጣም ተቀራርበዋል። በነሐሴ ወር፣ በቡሄ ዋዜማ፣ ይህ በግልጽ ይሰማል። ልጆች ዱላ ይዘው ሆያ ሆዬ እያሉ ከወለል ወደ ወለል ሲወጡ የአቀንቃኙ ድምፅ በደረጃው ክፍተት ያስተጋባል፤ የተቀባዮቹ ምላሽ እላይ ፎቅ ላይ ያለ በር ከመከፈቱ በፊት ይደርሳል። ሆያ ሆዬ የመድረክ ዘፈን አይደለም፤ ነገር ግን የመድረክ ዘፈኖቻችን የተዋሱት የአቀንቃኝና የተቀባይ አሠራር ሕያው ሆኖ የሚገኝበት ነው። ከአርባ ሰፈር የመጡ ወላጆች የወለዷቸው ልጆች በአንድ አዝማች ሲግባቡ ማየት፣ ጎደለ የተባለው ቀለበት ጨርሶ እንዳልተሰበረ ይጠቁማል።

አብሮ ማዜም የማያውቋቸውን ሰዎች ፈጥኖ እንደሚያቀራርብ የተመዘነ ነገር ነው። አይሉንድ ፒርስ፣ ዣክ ሎኔይና ሮቢን ደንባር በ2015 (እ.አ.አ.) ባሳተሙት ጥናት ለሰባት ወራት የመዝሙር ትምህርት የተከታተሉ ጀማሪዎችን የእደ ጥበብና የድርሰት ትምህርት ከተከታተሉ ጋር አነጻጽረዋል። በመጨረሻ ሁሉም ቡድኖች ተቀራርበዋል፤ ዘማሪዎቹ ግን ከሌሎቹ ቀድመው ተቀራረቡ። ጎረቤት ከጎረቤት ገና በሚተዋወቅበት ሰፈር ይህ የመቅደም ነገር ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም።

እዚህ ላይ የቴአትር ቤት ጉዳይ ይመለሳል። ለአንድ አዳራሽ በጀት ሲመደብ የሚቀርበው ማስረጃ የወንበር ብዛትና የትኬት ገቢ ነው። ትርኢቱ ካለቀ በኋላ በታክሲ ውስጥ፣ በደረጃ ላይ፣ በማግስቱ በሥራ ቦታ የሚቀጥለው ክፍል በዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም። ሰው ከመሃል ከተማ ወደ ጠርዝ ሲሰፍር የመንገድ፣ የውኃና የትምህርት ቤት ጥያቄ በአግባቡ ቀዳሚ ይሆናል፤ መድረክ መጨረሻ ላይ የሚጻፍ ወይም የማይጻፍ ይሆናል። ይህ ቅደም ተከተል ትክክል ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ነገር ግን ክርክሩ የሚካሄደው የመድረኩ ጥቅም ተለክቶ ሳይሆን ሳይለካ ነው።

መለካቱ የማይቻል አይደለም፤ ለአንድ የማስተርስ ጥናት የሚመጥን ሥራ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ፈቃደኛ ተመልካቾች ይመረጣሉ፤ ሁሉም አንድ ሙዚቃዊ ትርኢት ያያሉ። ከፊሎቹ ብቻቸውን ሄደው ብቻቸውን ይመለሳሉ፤ ከፊሎቹ ከአንድ ሕንፃ ጎረቤቶቻቸው ጋር ሄደው አብረው ይመለሳሉ። ሦስተኛው ቡድን የትርኢቱን ዘፈኖች በስልክ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ለሁለት ሳምንት በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጠዋት በጉዞ ላይ፣ ቀትር ላይና ማታ፣ አጭር የስልክ ጥያቄ ይላክላቸዋል፦ በዚህች ሰዓት በአእምሮዎ የሚመላለስ ዜማ አለ? ከትርኢቱ ነው? ስሜትዎ እንዴት ነው? የዜማው መምጣትና የስሜቱ መነሣት አብረው ቢገኙ እንኳ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ ለመለየት የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል በየቀኑ መቀያየር ይኖርበታል። ስሜቱ የተጠየቀው ከዜማው በፊት ሲሆን የሚሰጠው መልስ የተሻለ ዋጋ አለው፤ ስለ ዘፈን መጠየቅ በራሱ ዘፈን ይጠራልና። በስልክ ብቻ የሰሙት ሰዎች ብርታት ከሌሎቹ ጋር እኩል ከቆየ የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ይወድቃል፤ ዜማው ብቻውን በቂ ነው ማለት ይሆናል። አብረው የተመለሱት ከቀደሙ ደግሞ መጠይቁ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ገና ከመጀመሪያው መካተት ነበረበት፤ በተለመዱት የክስተቱ መጠይቆች ዋና ቦታ ያልተሰጠው ጥያቄ፦ ዛሬ ዜማውን ጮክ ብለው ሲያንጎራጉሩት የተቀበለዎት ሰው ነበር?